«ይመታል ወይስ ይመታል?»፦ አንድ ዓመት አንገቴ ላይ ስለኖረች የድምፅ መቅጃ

መዳፍ የምታህል ጥቁር የድምፅ መቅጃ ናት። አናቷ ላይ እርስ በርስ የተመሳቀሉ ሁለት ትንንሽ ማይክሮፎኖች፣ ከግርጌዋ ደግሞ የውጭ ማይክሮፎን የሚሰካባቸው ሁለት የኤክስኤልአር ቀዳዳዎች አሏት። ያገለገለች ሆና ነው የገዛናት። የሠሪዋን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ከእኛ በፊት በማን እጅ እንደነበረች፣ ስንት ጊዜ ከጠረጴዛ ላይ እንደወደቀች ስለማላውቅ፣ ቀጥዬ የማነሣው ጉድለት የፋብሪካው ይሁን የቀድሞ ባለቤቷ መፍረድ አልችልም። ጠባይዋን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ጓደኛሞች ተሰብስበን ስለ አንድ ፎቅ ቤት ተከራዮችና ስለ አከራያቸው ባለ ስድስት ክፍል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለመሥራት ተነሣን። እያንዳንዱ ክፍል 22 ደቂቃ ነው። መብራታችን የጽሕፈት ጠረጴዛ አምፖልና ብርሃኑን የሚያለዝብ ነጭ አንሶላ፣ የአልባሳት ክፍላችን የየራሳችን ቁም ሣጥን፣ ስቱዲዮአችን ደግሞ ደራሲያችን ገና ብዙ ዕቃ ያላስገባበት አዲስ ቤቱ ነበር። ከየኪሳችን ያዋጣናትን ገንዘብ ምን ላይ እናውላት በሚለው ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ካሜራ የሚይዘው ልጅ ሌንስ አለ፤ ሌላው መብራት አለ። ድምፅ ያለ ማንም አልነበረም፤ እኔም ጭምር። «ካሜራው የራሱ ማይክሮፎን አለው አይደል?» ተባለና ታለፈ።

የራሱ ማይክሮፎን እንዳለው እውነት ነው። ምን ያደርጋል! የመጀመሪያው ክፍል ዋና ቀልድ የሚከተለው ነበር። አዲሷ ተከራይ ቤቱን ከወንድሟ ጋር ልትይዝ መጥታ አከራይዋን ታግባባለች፦

«እትዬ፣ ወንድሜ እኮ ቦክሰኛ ነው። በየሳምንቱ ይመታል።»

«ይመታል ወይስ ይመታል?»

«እሱ እንደ ሳምንቱ ነው፣ እትዬ።»

እዚህ ላይ ስታነቡት ላያስቃችሁ ይችላል፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍምና። አከራይዋ የመጀመሪያውን ስታላላው ሰውዬው ደብዳቢ ነው፤ ሁለተኛውን «መ»ንም «ታ»ንም ስታጠብቀው ተደብዳቢ ይሆናል። ቀልዱ ያለው በዚያች ማጥበቅ ውስጥ ብቻ ነው። ደራሲያችን በሰዋስው መጻሕፍት እንደሚደረገው በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ በእርሳስ ሁለት ሁለት ነጥብ አድርጎ ሰጥቷት ነበር፤ ተዋናይቷም አሳምራ አለችው። እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን ሳቅን። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ስናዳምጠው ግን ሁለቱ «ይመታል» አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። አከራይዋ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ የምትደግም፣ ጆሮዋ የደከመ ሴትዮ መሰለች።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ታ» ሲጠብቅ የሚረዝመው ዝምታው ነው። ምላስ ከላይ ጥርሶች ሥር ተለጥፋ አየሩን ለቅጽበት ታግደዋለች፤ ሲጠብቅ እገዳው ይረዝማል። ባዶ ክፍል ውስጥ ታዲያ ከግድግዳ የሚመለሰው ማሚቶ ያቺን ቅንጣት ዝምታ ገብቶ ይሞላታል። ካሜራው ከተዋናይቷ ሦስት ሜትር ርቆ ነበር፤ በዚያ ርቀት ከአፏ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ደክሞ የግድግዳው ይበረታል። ማይክሮፎኑን ወደ 75 ሳንቲሜትር ስታስጠጉት ርቀቱ ሁለት ጊዜ ተጋመሰ፤ ርቀቱ በተጋመሰ ቁጥር ቀጥተኛው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ስለሚጨምር 12 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ። ማሚቶው ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ይቀራል። ይህን የሚያደርግ ሌንስ የለም። በማግሥቱ መዋጮዋ መቅጃና ሾትገን የሚባለው ቀጭን ማይክሮፎን ሆነች።

ማይክሮፎኑ የሚንጠለጠልበት ዘንግ የሚገዛ ገንዘብ አልተረፈም። ቀለም ቀቢዎች ጣሪያ የሚቀቡበትን የሚሳብ ዘንግ አምጥተን ማይክሮፎኑን በሁለት የፀጉር ላስቲክ ጫፉ ላይ አንጠለጠልነው። ላስቲኩን አትናቁት፤ የጣት መንሸራተት እንኳን በዘንጉ በኩል ተጉዞ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ላስቲኩ ያን ይውጠዋል። «አንቺ ትወና አይሆንልሽም፤ ቁመት ግን አለሽ፤ ያዢ» ተባልኩና የድምፅ ባለሙያ ሆንኩ።

አሁን ወደ መቅጃዋ ጠባይ ልግባ። በመጀመሪያ ቀይዋ ቁልፍ። አንድ ጊዜ ስትጫኗት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይህ «ተዘጋጅቻለሁ» ማለት ነው እንጂ «እየቀዳሁ ነው» ማለት አይደለም። ለመቅዳት ሁለተኛ መጫን ያስፈልጋል፤ ያኔ መብራቱ ቀጥ ብሎ ይበራል። ብዙ የዚህ ዓይነት መቅጃዎች እንዲህ ናቸው፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም፣ ከመቅዳት በፊት የድምፁን መጠን እንድታስተካክሉ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል! ስለዚህ ጆሮዬ አልጠረጠረም። በሦስተኛው ክፍል ቦክሰኛው በቀኝ ዓይኑ ላይ በረዶ ይዞ ለአከራይዋ ኪራይ የሚከፍልበትን ትዕይንት፣ ከዚያ በኋላ ማናችንም ያልደገምነውን ትወና፣ ቆሜ ሰማሁት፤ አልቀዳሁትም። «እንዴት ነበር?» አሉኝ። ወደ ታች ሳይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ያን ቀን የተናገርነውን አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፤ ሰከንድ ቆጣሪው ሲሮጥ ዓይቼ ጮክ ብዬ «ይሄዳል!» ሳልል ማንም አፉን አይከፍትም።

ባትሪዋ ሌላ ጣጣ ነው። ሾትገኑ የራሱ ባትሪ ስለሌለው በገመዱ በኩል 48 ቮልት ይፈልጋል፤ የምትመግበው መቅጃዋ ናት። ያ ሲበራ ሁለት ባትሪዎቿ በእኛ ልምድ ከሦስት ሰዓት አያልፉም። በስክሪኗ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ግማሽ እያሳየ ድንገት ድርግም ትላለች። መፍትሔው ስልክ የምንሞላበትን ተንቀሳቃሽ ባትሪ በዩኤስቢ ሰክቶ ቀበቶ ላይ ማሰር ነበር። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ቀኑንም ትረሳለች፤ የስድስት ወር ሥራችን በሙሉ በአንድ ቀን የተቀዳ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ምክንያት ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት «ክፍል አራት፣ ትዕይንት ሁለት፣ ቀረጻ ሦስት» ብዬ በቃሌ መናገር ለመድኩ። ለአርትዖት ከማንኛውም የፋይል ስም የሚበልጠውም እሱ ሆነ።

ጥራቷ? ለሰው ንግግር ከበቂ በላይ ነው። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ትቀዳለች፤ ቴሌቪዥን ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ድክመቷ ሹክሹክታ ነው። ድምፁን ለማጉላት መቆጣጠሪያውን ከፍ ስታደርጉት ከሥሩ «ሽሽሽ» የሚል ይከተላል፤ ርካሽ ማጉያ ያላቸው ሁሉ የሚጋሩት በሽታ ነው። ኮሜዲ ደግሞ ሹክሹክታና ጩኸት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚፈራረቁበት ሥራ ነው። አከራይዋ በር ሥር ጆሮዋን አስደግፋ ታንሾካሹካለች፤ ወዲያው በሩ ይከፈትና ትጮኻለች። ለሹክሹክታው ካስተካከልኩት ጩኸቱ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በምንም አይመለስም። እዚህ ላይ መቅጃዋ ከዋጋዋ በላይ የሆነ አንድ ችሎታ አላት፤ ያንኑ ድምፅ በሁለተኛ ፋይል 12 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋ ጎን ለጎን ትቀዳለች። ዋናው ቢሰነጠቅ ተለዋጩ ይተርፋል። አከራይዋን በሙሉ ያዳናት እሱ ነው። ሹክሹክታንም ጩኸትንም ያለ ማስተካከያ የሚይዙት አዳዲሶቹ ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅጃዎች ይህን ችግር ከሥሩ ነቅለውታል፤ አቅሙ ካላችሁ የእኔን ታሪክ ትታችሁ ወደዚያ ሂዱ።

ድምፅና ምስል ለየብቻ ስለሚቀዱ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። አያስፈራም። ካሜራው እያየኝ፣ መቅጃዋ እየሰማችኝ አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ፤ መዳፎቼ የተገናኙበትን ፍሬም (ነጠላ ምስል) እና በድምፁ ሞገድ ላይ ቀጥ ብላ የቆመችውን መስመር አንድ ላይ ማድረግ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምንቀርጽ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመሪያ መሠረት ተመልካች ድምፅ ከምስሉ 45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ይነቃል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ ይታገሣል። መብረቁ ከነጎድጓዱ ቀድሞ መታየቱን ስለለመድን ይመስለኛል። እኛም በተጠራጠርን ቁጥር ድምፁን አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ማድረግ ልማድ አደረግን። የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት ፍጹም እኩል ስለማይሄድ ሳይቋረጥ ግማሽ ሰዓት ከቀረጻችሁ መጨረሻው ላይ ሊንሻፈፍ ይችላል። በአንድ ትንፋሽ ከአራት ደቂቃ በላይ ሳይሳሳት የሚተውን ጓደኛ ስለሌለኝ ይህ ችግር አልገጠመኝም።

መቅጃዋን የገዛ ሰው የሚያገኘው ያልጠበቀው ነገር ቢኖር ቤቱ ምን ያህል እንደሚጮህ ማወቁ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን መጀመሪያ ያደረግሁ ቀን ፍሪጁ ሞተር ያለው ጭነት መኪና መሰለኝ። ተዋናይቷ የምትወደው አምባር በእያንዳንዱ ቃል መሃል ይንሿሿል። ከላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ይጎትታል። ፍሪጁን እንነቅላለን፤ ነቅለን እንዳንረሳውም የቤቴን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጣለሁ፤ ሳልሰካው ወደ ቤቴ ልሄድ አልችልማ። ይህን ብልሃት የድምፅ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል፤ እኔ ያወቅሁት ግን ደራሲያችን የሳምንት ምግቡን ከጣለ በኋላ ነው። ለማሚቶው ደግሞ ከካሜራው እይታ ውጪ ባሉት ግድግዳዎች ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ሾትገን ማይክሮፎን ለደጅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከጎን ተንጸባርቆ የሚገባውን ድምፅ ያበላሸዋል፤ እንደገና ብገዛ ለቤት ውስጥ ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለውን፣ ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ አስበልጦ የሚይዘውን አጭር ማይክሮፎን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የከበደው ዝምታ መቅዳት ነበር። በምንቀርጽበት በእያንዳንዱ የቤቱ ክፍል ውስጥ ንግግር የሌለበት 30 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ በአርትዖት ጊዜ በሁለት ንግግሮች መካከል የሚቀረውን ቀዳዳ የምንደፍነው በእሱ ነው፤ ባዶ ቢተው ተመልካቹ ጆሮው የተደፈነ ይመስለዋል። አምስት ቀልደኞችን 30 ሰከንድ ዝም ማሰኘት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ አንዱ በአፍንጫው ይተነፍሳል፤ አሥራ አራተኛው ላይ ሌላው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ራሴ ዘንጉን እንደያዝኩ የሣቅሁበት አለ። በሁለተኛው ክፍል ከአከራይዋ ራስ በላይ ግራጫ ነገር ብቅ ብሎ ሲርገበገብ ብታዩ ማይክሮፎኑ ነው፤ ያወዛወዝኩት እኔ ነኝ። አላወጣነውም፤ የተሻለ ቀረጻ የለንም።

መቅጃዋን ከመሣሪያ ወደ ስድስተኛ ጓደኛ የቀየራት ግን ቀረጻ አልነበረም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻርለስ ዳግላስ የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ መሐንዲስ የተቀዳ ሳቅ እንደ ጽሕፈት መኪና በቁልፍ እየተጫነ የሚያስገባበት ሣጥን ሠርቶ ነበር። ደራሲያችን እንዲህ ያለ ሳቅ እንጨምር ብሎ ወጥሮ ያዘን። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሰው ይሣቅ እንደሆነ እንይ አልኩ። ትዕይንቱን ያላዩ ዘጠኝ ዘመድና ወዳጆች ሰብስበን የመጀመሪያውን ክፍል አሳየናቸው፤ መቅጃዋን ከፊታቸው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ በአናቷ ማይክሮፎኖች የተመልካቾቹን ድምፅ ቀዳሁ። ከዚያ የእነሱን ሳቅ ከትዕይንቱ ድምፅ ሥር አሰለፍኩት። ስክሪኑ ላይ ያየነው ሞገድ እንደ ፈተና ውጤት ነበር። ደራሲያችን ሦስት ሌሊት የደከመበት የአከራይዋ ረጅም ንግግር ሥር፣ አንድ ሳል ብቻ። ቦክሰኛው ምንም ሳይናገር ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ሲቀመጥ ደግሞ ተራራ የሚያህል ሳቅ። ያን ቦታ ማንም አልጻፈውም፤ ተዋናዩ ወንበሩ እግሩ ስለተሰበረ ነው ያስጠጋው።

«ይመታል ወይስ ይመታል?» ላይ በአዲሱ ቀረጻ ሣቁ። ከባድ ሣቅ ነበር፤ ነገር ግን ችግር ይዞ መጣ። የተከራይዋ መልስ «እሱ እንደ ሳምንቱ ነው» በሣቁ ውስጥ ሰጥሞ አንድ ሰው እንኳን አልሰማውም። ሣቁ 2 ሰከንድ ተኩል እንደቆየ ሞገዱ ላይ ለካን፤ ተከራይዋ መልሱን ከመስጠቷ በፊት አከራይዋን ዝም ብላ የምታይበትን ቁራጭ ያን ያህል አስረዘምነው። አሁን ሁለት ሣቅ አለው። ያን ቁራጭ ያገኘነው ተከራይዋን የምትተውነው ልጅ መልሱ ጠፍቷት አፏን ከፍታ ከቆመችበት የተበላሸ ቀረጻ ነው። ስለ ሣቅ ሣጥኑ ዳግመኛ አልተነሣም።

ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ልናሳይ ስንል የመጀመሪያው ክፍል ድምፁ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ተብሎ ተመለሰልን፤ ይህ የመቅጃዋ ጥፋት አይደለም፣ እኛ ስለ ልኬቱ ስለማናውቅ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አር 128 የተባለ መመሪያ የአንድ ፕሮግራም አማካይ የድምፅ ከፍታ ኤልዩኤፍኤስ በሚባለው መለኪያ ከዜሮ በታች 23 እንዲሆን ይጠይቃል፤ ብዙ የአርትዖት ፕሮግራሞች ይህን የሚለካ መቆጣጠሪያ አላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶ ተስተካከለ።

ትገዛ ወይ? ብቻውን ሆኖ ስልኩን ፊቱ አቁሞ ለሚናገር ሰው አትገባውም፤ አንገት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ትበቃዋለች። ከሁለት ሰው በላይ እየተነጋገሩ ለሚተውኑና ዘንግ የሚይዝ አንድ ትዕግሥተኛ ጓደኛ ላላቸው ግን ከሌንስም ከመብራትም በፊት ትገዛ። ያገለገለች ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም የኤክስኤልአር ቀዳዳዎች በራሳችሁ ገመድና ማይክሮፎን ሰክታችሁ ገመዱን በቀስታ ወዝወዝ አድርጉ፤ ከተንኮሻኮሸ ተዉአት። 48 ቮልቱን በሁለቱም በኩል አብርታችሁ ሞክሩ። የባትሪውን ክዳን ክፈቱ፤ መገናኛው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ ውስጧ ፈስሶባታል። የእኛዋ ክዳኑ ተሰብሮ በፕላስተር ታስራለች፤ ሻጩ ሲያሳየኝ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ይዞ ስለነበር አላየሁትም።